በራሱ የሚጠፋ ፍሬቻ

መንዳት ያስተማሩኝ ሽማግሌ፣ ተሳቢ ለመንዳት ጠንካራ ወገብ፣ ረጅም ትዕግሥትና አጭር ምላስ ያስፈልጋል ይሉ ነበር። ወገቡ ነበረኝ። ትዕግሥቱን መንገዱ በግድ አስተማረኝ። ስለ ምላሴ ግን የከተማችን የሐይቅ ሻይ ቤቶች ይመስክሩ፤ እዚያ ቁጭ ብዬ ያልወጣሁት ዳገት፣ ያልገራሁት ሞተር የለም።

ሽማግሌው ጎረቤታችን ናቸው። በደህናው ዘመን አሰብ ሲመላለሱ የኖሩ፣ ከሐይቅ እስከ ወልድያ ያለውን ኩርባ ሁሉ እንደ ፋቲሓ በቃላቸው የሚያውቁ ሰው ናቸው። ከሁሉ አስቀድመው ያስተማሩኝ ማርሽ አይደለም፤ ፍሬቻ ነው። በእኛ መንገድ ላይ ፍሬቻ ለመታጠፍ ብቻ አይበራም። የአምባሰልን ዳገት ስትወጣ ተሳቢ ከፊትህ ከገባ የሚታይህ ሸራ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚመጣ የሚያውቀው የተሳቢው ሹፌር ነው። ስለዚህ መንገዱ ክፍት ሲሆን ቀኝ ፍሬቻውን ያበራልሃል፤ እለፍ ማለቱ ነው። ግራውን ካበራ ደግሞ ቆይ፣ የሚመጣ አለ ማለቱ ነው። ይህን መንጃ ፈቃድ ስታወጣ ማንም አያስተምርህም፤ ግን ሁሉም ያውቀዋል።

"ፍሬቻ አማና ነው፣ አደራ" ይሉኝ ነበር። "ሰውየው አያውቅህም፤ የማን ልጅ እንደሆንክ አልጠየቀህም። እለፍ ስላልከው ብቻ ሚስቱንና ልጆቹን ጭኖ ወደ ግራ ይወጣል። እሱ እንዳለፈ አጥፋው። ካላጠፋኸው ቀጥሎ ለሚመጣው እየዋሸህ ነው።" ሕጋቸው አንድ ነበር፤ ፍሬቻ ያበራች ጣት ፍሬቻው እስኪጠፋ ከዘንጉ ላይ አትነሳም። ካነሳኋት በያዙት የሙስበሃ መቁጠሪያ እጄን ቸብ ያደርጉኝ ነበር።

እኔ ደግሞ የምረሳ ሰው ነኝ። ቀኝ ፍሬቻዬ እየበራ ስንት አገር እንዳቋረጥኩ አላህ ነው የሚያውቀው። አንድ ቀን ባቲ መግቢያ ላይ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመኝና "ወዴት ልትታጠፍ ነው?" አለኝ። "ቀጥታ ነኝ" አልኩት። "እንግዲያ ለመኪናህም ንገራት" ብሎ ወደ መብራቱ ጠቆመኝ። ይህን ለባለቤቴ ብነግራት ታዝንልኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን "ቤት ውስጥም አምፖል የማጠፋው እኔ ነኝ፤ ሰው የማያይልኝ ሆኖ ነው እንጂ" አለችኝ።

ለውጡ የመጣ ሰሞን ኮምቦልቻ ያሉት አሠሪዬ አዲስ ባለ ተሳቢ መኪና አስገቡና ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ። ያን ሰሞን ሁሉም ነገር በራሱ ጊዜ የሚስተካከል መስሎን ነበር። የታሰረ ተፈታ፣ የተጣላ ታረቀ፣ ሻይ ቤት የሚወራው ሁሉ ስለሚመጣው ደግ ነገር ሆነ። ለእኔም ድርሻዬ የደረሰኝ መሰለኝ፤ መሪው ዞሮ ሲመለስ ፍሬቻውን በራሱ የሚያጠፋ መኪና። የቤት መኪኖች ይህን ከድሮም ያውቁታል። እስከዚያ የነዳኋቸው አሮጌ ከባዶች ግን በእጅ ካላጠፏቸው እስከ ቂያማ ቀን ብልጭ ድርግም ሲሉ የሚኖሩ ነበሩ።

ሻይ ቤቱ በር ላይ አቆምና ሰዉን አንድ በአንድ ወደ ጋቢና አወጣ ነበር። ግራ ፍሬቻ አበራለሁ፣ መሪውን ወደ ግራ አዞራለሁ፣ እመልሳለሁ። ቀጭ ይልና ይጠፋል። ሰዉ "አጃኢብ" ይላል። እኔም ራሴ የፈለሰፍኩት ይመስል አንገቴን ሰበር አድርጌ አመሰግናለሁ። የባጃጅ ነጂዎቹማ ሁለት ሁለት ጊዜ አስደግመውኛል።

ሽማግሌውንም አወጣኋቸው። አሳየኋቸው። አዩና "መሪ ሳታዞርስ?" አሉኝ።

"እንዴት አባባ?"

"ሰውን እለፍ ስትለው ቀጥ ብለህ እየሄድክ ነው። መሪ አታዞርም። ያን ጊዜ ማጥፋት እንዳለበት በምን ያውቃል?"

መልሱን አላውቀውም ነበር። አላውቅም የሚለው ቃል ደግሞ ያን ሰሞን ከአፌ አይወጣም። "ዘመናዊ ነው አባባ፤ ያውቃል" አልኳቸው። "ኢንሻአላህ" ብለው ወረዱ።

አያውቅም። ማሽኑን የሠሩት ሰዎች ፍሬቻ ያበራ ሁሉ ሊታጠፍ ነው ብለው ያሰቡ ናቸው። አምባሰል ዳገት ላይ ለማያውቀው ሰው መንገድ የሚሰጥ መኖሩን ማን ይንገራቸው? ለስላሳ ኩርባም ላይ የተሳቢ መሪ እምብዛም ስለማይዞር እዚያም ሳይጠፋ ይቀራል። ሁለት ሦስት ጊዜ በርቶ አግኝቼዋለሁ። ጥፋቱን ወደ ራሴ ላለማምጣት ገና አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለምዳል አልኩ። ጣቴን ግን ጡረታ አውጥቻት ነበር።

ሽማግሌው በዚያን ጊዜ ተሳቢ ትተው አይሱዙ ይነዱ ነበር። የገዛችላቸው አረብ አገር የምትሠራ ሴት ልጃቸው ናት። ከሐይቁ ዳር ሽንኩርትና በቆሎ እየጫኑ ደሴ ያደርሳሉ። ልጅቷ በደወለች ቁጥር የምትላቸው አንድ ነገር ነበር፤ "አባዬ፣ ዐይንዎ ደክሟል፤ ቁልፉን ለሌላ ሰው ይስጡ።" ብዙ ተጨቃጭቀው በመጨረሻ ተስማሙ። አንድ ጊዜ እንኳ አደጋ ቢደርስባቸው ቁልፉን ያለ ክርክር ያስረክባሉ። እስከዚያ ግን አትነካቸውም። ለእኔ ለብቻዬ "ይህን ቁልፍ የወሰደችብኝ ቀን አልጋ ላይ ነው የምውለው" ብለውኛል። ዐይናቸው ደግሞ ከእኔ ዐይን ይሻል ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በመጀመሪያ ከወልድያ በኩል የሚመጣው ተፈናቃይ በዛ፤ ቀጥሎ ተራው የእኛ ሆነ። አንድ ቀን በጠዋቱ ሐይቅ ፍራሹን ተሸክሞ ወደ ደሴ ጉዞ ጀመረ። እኔ የሰፈሩን ሰው፣ እስላሙንም ክርስቲያኑንም ከነፍየሉ ተሳቢው ላይ ጭኜ ከፊት ነበርኩ። ሽማግሌው ባለቤታቸውንና ዕቃቸውን ጭነው ከኋላ ይከተሉኛል። በመሃላችን አንድ ሚኒባስ ገብቶ ክላክስ ያስጮኻል።

ዳገቱ ላይ አሻቅቤ አየሁ፤ መንገዱ ባዶ ነው። ቀኝ ፍሬቻ አበራሁለት። ሚኒባሱ አለፈኝና ሹፌሩ በመስኮት እጁን አውጥቶ አመሰገነኝ። እኔም እጄን አውጥቼ ምስጋናውን ተቀበልኩ፤ አገር እየፈረሰም ቢሆን መመስገን እወዳለሁ። ጥቂት እንደሄድን አንድ ባዶ አውቶቡስ ከላይ ከኩርባው ብቅ ብሎ ቁልቁል መምጣት ጀመረ። በስፔኪዮዬ ሳይ የሽማግሌው አይሱዙ ግራውን ይዛ ከጎኔ እየወጣች ነው። ክላክሱን ደፈጠጥኩት። ወደ ኋላዬ የሚመለሱበት ጊዜ አልነበራቸውም። መሪያቸውን ወደ ግራ ሰብረው ከመንገዱ ወጡና ማሽላ እርሻ ውስጥ ገቡ። አውቶቡሱ በመሃላችን አለፈ።

መኪናዬን አቁሜ ሮጥኩ። አይሱዙዋ ማሽላው መሃል ዘመም ብላ ቆማለች። ሽማግሌው ግንባራቸው ተሰንጥቆ ደም በፊታቸው ይወርዳል፤ ባለቤታቸው ትከሻቸውን ይዘው "አልሃምዱሊላህ፣ አልሃምዱሊላህ" ይላሉ፤ ዶሮዎቻቸው በየአቅጣጫው ተበትነዋል። እኔ ያን ጊዜ ምን ብል ጥሩ ነው? ሰው ሁሉ እየሰማ "እንዴት ሳያዩ ይወጣሉ አባባ?" ብዬ ተቆጣኋቸው።

እሳቸው በትከሻዬ ላይ አሻግረው የተሳቢዬን ጀርባ አዩ። እኔም ዞሬ አየሁ። ቀኝ ፍሬቻው ብልጭ ድርግም ይላል። ቆሜ እንኳ እለፍ፣ እለፍ ይላል።

ተሳቢው ላይ የነበሩት እየወረዱ ከበቡን። "ምን ሆነው ነው?" ሲሏቸው ደሙን በሽርጣቸው ጠረጉና "ዐይኔ ነው። ደክሟል፤ አላየሁትም" አሉ። ከዚያ እኔን ወደ ጎን ሳቡኝና "ይህ ሁሉ ሰው አንተን አምኖ ተሳቢው ላይ ተመልሶ ይወጣል። ዛሬ ሹፌሩን መጠራጠር የለበትም። አብሽር፣ አድርሳቸው" አሉኝ። በዕለቱ ዝም ያልኩበት ምክንያት ይህ ነበር። ከዚያ በኋላ ላሉት ወራት ግን ምክንያቴ ፍርሃት ብቻ ነው።

ደሴም አላስቀመጠችንም፤ አልፈን ሄድን። ጊዜው ሲበርድ ተመለስን። አይሱዙዋም በትራክተር ተጎትታ ወጣችና ተጠገነች። ልጅቷ ወላጆቿን ለማየት ከአረብ አገር መጣች። ሽማግሌው በቃላቸው መሠረት ቁልፉን ያለ ክርክር አስረከቡ። ባለቤቴ ይህን ስትነግረኝ እራት እየበላሁ ነበር፤ ማዕዱን ትቼ ተነሳሁ። አፈርኩ። አሳ ሲገዙ ባያቸው መንገድ መቀየር ጀመርኩ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔዋ እያደረች ከበደችኝ። በመጨረሻ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሄድኩና ለልጅቷ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሚኒባሱን፣ በራሱ ይጠፋል ያልኩትን ፍሬቻ፣ ጥፋተኛው እኔ ሆኜ ሳለ አባቷን በሰው ፊት መቆጣቴን ጭምር ነገርኳት። የሞባይል ቻርጀር ገመድ ጠቅልዬ መሪ አስመስዬ አሳየኋት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ስጨርስ ሻይ ቀዳችልኝና ፈገግ አለች።

"ወንድምዬ፣ አላህ ይስጥህ። አባዬ ነግረውኛል" አለችኝ። "'ያ ልጅ በጣም ይወደኛል። አንድ ቀን መጥቶ ጥፋቱ የእኔ ነው ይልሻል፤ እንዳታምኚው' ብለውኛል።"

"ወላሂ እኔ ነኝ!"

"ተው፣ ለደግ ነገርም ቢሆን በውሸት አይማልም።"

በዚያች ከተማ ሻይ ቤቶች ውስጥ ስዋሽ ኖሬ ያላመነኝ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን እውነት ብናገር የሚቀበለኝ አጣሁ።

ስወጣ ሽማግሌው ግቢው ውስጥ አይሱዙዋ አጠገብ ቆመዋል። "ምን አለችህ?" አሉኝ።

"አላመነችኝም።"

እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። "ለምን እንዲህ አደረጉ አባባ?" አልኳቸው።

"አንተ ገና ልጆች ታሳድጋለህ። ይህ ነገር አሠሪህ ጆሮ ቢደርስ ማን መኪና ይሰጥሃል? እኔ ነድቻለሁ፤ ጠግቤያለሁ" አሉኝ። እንዳልጠገቡ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ከዚያ የፊቱን ጎማ በእግራቸው መታ መታ አደረጉና "ብዙ ቆመች። ጎማው ባንድ ጎኑ እንዳይበላሽ ትንሽ ወደፊት አድርግልኝ። ቁልፉን ብትጠይቃት ለአንተ ትሰጥሃለች" አሉ።

ልጅቷ ሳታመነታ ሰጠችኝ። ከሐይቅ ሰው ሁሉ ለእኔ። ወጥቼ ስቀመጥ መቀመጫው በእሳቸው ልክ ወደ መሪው ተጠግቶ አገኘሁት፤ አጭር ሰው ናቸው። አላስተካከልኩትም። ጉልበቴ ከመሪው እየተጋጨ አስነሳኋት። እሳቸው ከፊት ቆመው በእጃቸው ና፣ ና፣ በቃ እያሉ መሩኝ። ሞተሩን አጥፍቼ ቁልፉን ነቅዬ ስወርድ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ወዲያው ትዝ አላቸውና ሰበሰቡት። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች፤ ሄጄ ለእሷ ሰጠኋት።