ሽማግሌ በኋላ ወንበር

ሽማግሌ ሲላክ ልጁ ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን ይበላል እንጂ አብሮ አይሄድም። ወጉ ይኸው ነው፤ እኔም ላከብረው ዝግጁ ነበርኩ። ችግሩ፣ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ፣ በዚያ ቅዳሜ፣ ሲያትል ላይ በረዶ ወረደና ከማውቃቸው ሰዎች ሁሉ መኪና ለማንቀሳቀስ የደፈርኩት እኔ ብቻ ሆኜ ተገኘሁ። ጀግና ሆኜ አይደለም። ኤቨረት ከተማ አውሮፕላን ፋብሪካ የሚሠራ አንድ ሰው በሳምንቱ እኔ ላገባት ለፈለግኳት ልጅ ሽማግሌ ሊልክ ነው። እሷው ራሷ በስልክ ነገረችኝ። "ቅዳሜ ካልመጡ አባባ የሱን ይሰማል" ብላ ዘጋችው። እንቅልፍ የሚባል ነገር ከዚያ በኋላ አላየሁም።

መኪናዬ ሁለት በር ያላት ትንሽ ቢጫ መኪና ነበረች። የሚገፋት የኋላ ጎማዋ ነው፤ ከኋላ ክብደት ካልተጫነባት በረዶ ላይ ጎማዋ ባለበት ይሽከረከራል እንጂ አትራመድም። ይህን ያወቅኩት ግን መንገድ ላይ ነው።

ያዘጋጀኋቸው ሽማግሌዎች ሦስት ነበሩ። አንደኛው በመስኮት በረዶውን አዩና "በጸሎት አብሬያችሁ ነኝ" ብለው በስልክ ቀሩ። የተረፉትን ሁለቱን ከቼሪ መንገድ ጫንኳቸው። አንዱ በጣም ወፍራም ናቸው፤ አዲስ አበባ ዳኛ ነበሩ፣ እዚህ መሀል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃሉ። ሌላው ቀጭንና ዝምተኛ ናቸው። ዳኛው ማንም ሳይጋብዛቸው የፊቱን ወንበር ያዙ። ቀጭኑ ከኋላ ገቡ፤ ጋቢያቸውን ጨምሮ እንኳ የሚመዝኑ አይመስሉም ነበር።

የልጅቷ ቤት ሾርላይን ነው። እስከዚያ ሜዳ ሜዳውን በኤሊ እርምጃ ደረስን። ከዚያ ግን ቤታቸው ያለበት ዳገት መጣ፣ መኪናዋም ከዳገቱ ሥር ጎማዋን እያሽከረከረች ቀረች።

"ጋሼ" አልኩ ለዳኛው በተቻለኝ ትሕትና፣ "እባክዎ ከኋላ ቢቀመጡልኝ።"

"ምን አልክ?"

"ከኋላ ክብደት ያስፈልጋታል።"

"እኔ ክብደት ነኝ?"

ምን ይባላል? ወርጄ በሩን ከፈትኩላቸው።

"ሃያ ዓመት ችሎት የመራሁ ሰው፣ ለሽምግልና ወጥቼ እንደ ጆንያ ከኋላ ልጫን?"

ቀጭኑ ሽማግሌ ያን ቀን የመጀመሪያውን ቃል ተናገሩ። "ከፊት ሆነን ከምንቀር ከኋላ ሆነን ብንደርስ ምናለ?"

ዳኛው "ተቃውሞዬ ይመዝገብልኝ" ብለው ወረዱ። ሁለት በር ባላት መኪና ያን የሚያህል ሰው ከኋላ ማስገባት ቀላል አይደለም። ቀጭኑ ከውስጥ ጎተቱ፣ እኔ ከውጭ ገፋሁ፤ የት ላይ እንደገፋሁ አልናገርም። እሳቸው እንደተቀመጡ ግን መኪናዋ ዳገቱን እንደ ፍየል ወጣችው። እኔም በደስታ ጮህኩ፣ ዳኛውም "ዓይንህን መንገዱ ላይ!" ብለው ጮኹብኝ።

ዕቅዴ እነሱን በር ላይ አውርጄ ራቅ ብዬ መደበቅ ነበር። ቤቱ ፊት ስደርስ ፍሬን ያዝኩ። መኪናዋ አልቆመችም፤ ቀስ ብላ ዞረች፣ የቆሻሻ በርሜላቸውን ገጭታ ቁልቁል አንከባለለችውና የግቢያቸው መግቢያ ላይ ተጋድማ አረፈች። በርሜሉ እየተንኳኳ እስከ ዳገቱ ሥር ወረደ። መጋረጃ ተገለጠ። እኔ እንዳልታይ ወንበሩ ላይ ተጋድሜ ሽማግሌዎቹ በእኔ ላይ ተረማምደው ወጡ።

ውስጥ የሆነውን በኋላ ከእሷ ነው የሰማሁት። ከእናቷ ጋር ጓዳ ሆነው ያዳምጡ ነበር። ሽማግሌዎቹ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ዳኛው "ልጃችን ጨዋ ነው፣ ሠራተኛ ነው፣ የራሱ መኪና አለው" አሉ። አባቷ ወደ መስኮቱ ዞር ብለው ያቺን ቢጫ ነገር አዩና "ኦኬ" አሉ። ከዚያ "ሶ፣ እንግዲህ ከዘመድ ልማከር፤ በሁለት ሳምንት ተመለሱ" ብለው ቀጠሮ ሰጡ። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የለም፣ ደንቡ ነው። በመሀል ግን የኤቨረቱ ሰው አለ።

ሽማግሌዎቹ ወጡ፣ አባቷም ሊሸኙ ተከተሏቸው። እንግዲህ ባለቤት እንግዳውን ሳይሸኝ አይገባም፤ እንግዳው ደግሞ መሄድ አልቻለም። ዳኛው ያለ ክርክር ከኋላ ገቡ፣ እኔ ሞተር አስነሳሁ፣ ጎማው ባለበት ዞረ። አባቷ እጅ ነሱ። እኛም ነሳን። ጎማው ዞረ። እንደገና እጅ ነሱ። ለአራተኛ ጊዜ ከተሰነባበትን በኋላ ትዕግሥታቸው አለቀ።

"ፑሽ ላድርጋችሁ። ለመሆኑ ሹፌሩ ማነው?"

እኔ ስካርፌን እስከ ዓይኔ ጠቅልያለሁ።

"የቀጠርነው ልጅ ነው" አሉ ዳኛው ከኋላ። በሐሰት ምስክርነት ስንቱን ያሰሩ ሰው ዓይናቸውን እንኳ አላሹም።

"በል ሴኮንድ ማርሽ አስገባ፣ ነዳጁን ቀስ!" አሉ አባቷ፣ ከቀጭኑ ሽማግሌ ጋር እየገፉ። ቀስ ማለት ነበረብኝ፤ እግሬ ግን ደንዝዟል፣ ልቤም ከእግሬ አይሻልም። ረገጥኩት። ጎማው ጭቃና በረዶውን አንስቶ አባቷ ለሽማግሌ መቀበያ የለበሱትን ሱፍ፣ በላዩም የደረቡትን ነጭ ጋቢ ከላይ እስከ ታች ቀባው።

አባቷ መጥተው መስኮቱን አንኳኩ። አወረድኩት።

"ስካርፉን አውርድ።"

አወረድኩ።

"ሌላ ሰው ሚስት እንዲያገኝ ብሎ በዚህ በረዶ የሚነዳ ሹፌር አለ?"

"የለም፣ ጋሼ።"

"መኪናዋስ የማን ናት?"

"የኔ ናት።"

"መኪና አለው ያልነው እንግዲህ ተረጋገጠ" አሉ ዳኛው።

ማንም አልሳቀም። አለቀልኝ አልኩ። ወግ ሰብሬያለሁ፣ አስዋሽቻለሁ፣ ሰውየውን ጭቃ አልብሻለሁ። እወዳት ነበር፤ እንዲህ አድርጌ አጣኋት ብዬ እንባዬ መጣ። አባቷ ወደ ጋራዣቸው ገቡና በረዶ ላይ እንዳያንሸራትት ጎማ ላይ የሚታሰር ሰንሰለት ይዘው ወጡ። ከነሱፋቸው በረዶው ላይ ተንበረከኩ። ሰንሰለቱ የትልቅ መኪና ስለሆነ ትርፉን በሽቦ ጠመዘዙት። እኔ ወርጄ ሽቦውን ያዝኩላቸው።

"ቃሌ ቃል ነው፤ ሽማግሌዎቹ በሁለት ሳምንት ይመለሱ" አሉ ቀና ሳይሉ። "ግን ልጄ በዚህ ልሙጥ ጎማ አትሄድም።"

ብርዱ ይሁን ሞኝነቴ እንጃ፣ አልገባኝም። "ኧረ እሷ ዛሬ የትም አትሄድም፣ ጋሼ" አልኳቸው።

ቀጭኑ ሽማግሌ ቁርጭምጭሚቴን በጫማቸው መቱኝ። በዚያው ቅጽበት፣ በሩ ላይ ቆመው የሚሰሙት እናቷ እልልታቸውን ለቀቁት፤ ፈረንጅ ጎረቤቶች በየመስኮቱ ብቅ አሉ።

"ዝም በይ አንቺ ሴት! ገና ሁለት ሳምንት አለ!" አሉ አባቷ ከነጭቃቸው፣ ሽቦውን በጥርሳቸው ነክሰው።

እናቷ ደገሙት።