ከወንበሩ ሥር ያስቀመጥኩት እርጎ

ቤቴ የመጣ እንግዳ እርጎ እስኪጠግብ ይጠጣል። ይዤ ልሂድ ካለኝ ግን ሰበብ እፈልጋለሁ። ልጆቼ "እማዬ በሁሉም ነገር እጇ የተፈታ ነው፣ በእርጎ ብቻ ትሰስታለች" እያሉ ይስቁብኛል። ስስት አይደለም። እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም እንጂ ምክንያት አለኝ።

በደርግ ጊዜ አሰላ ውስጥ በአንድ ጋራዥ የዕቃ ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬ በመስኮት መፍቻ መስጠት፣ ማታ መፍቻ ቆጥሮ መረከብ ነው። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ጆሮ ግን ነበረኝ። መካኒኮቹ ሲከራከሩ እየሰማሁ፣ የጣሉትን የተቃጠለ ዕቃ እየፈታሁ እየገጠምኩ፣ ውሎ አድሮ የትኛው መኪና በምን እንደታመመ ከድምፁ መለየት ጀመርኩ። ዋናው መካኒካችን ሙያውን ከጣሊያኖች ያገኙ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁላችንም አባባ ነበር የምንላቸው። "ይቺ ልጅ ቱታ የለበሰች ቀን እኔ ጡረታ እወጣለሁ" ይሉ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ የምለው፣ ጋራዣችን በግቢው ውስጥ የነበረበት የእርሻ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። የሚነዳት ነጭ መኪና ፈረንጆች ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ትተዋት የሄዱት ናት። በአካባቢው እንደሷ ያለች ሌላ አንዲት ብቻ ነበረች፤ እሷም ተገልብጣ ሮቤ በመሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ሣር በቅሎባታል። ጋሼ ነጯን መኪና እንደ ሙሽራ ነበር የሚይዛት። ጫማውን አራግፎ ነው የሚገባባት።

እናታችን ጎበሳ ትኖር ነበር። አንድ ቅዳሜ ጋሼ ለሥራ ወደዚያ ሲሄድ እኔንም ይዞኝ ሄደ። ስንመለስ እናቴ ጮጮዋን እርጎ ሞልታ፣ ክዳኗን በጠፍር አስራ ሰጠችኝ።

"እማ፣ በመንግሥት መኪና የግል ዕቃ መጫን ክልክል ነው" አላት ጋሼ።

"መንግሥት እርጎ አይጠጣም እንዴ?"

"ኬላ ላይ ካገኙት እነሱ ይጠጡታል፣ እኔ እታሰራለሁ።"

"እንግዲያ አታሳያቸዋ" አለችና ወደ ቤት ገባች። በእናት እጅ የተሰጠ አይመለስም። ጋሼ ጎማ ሲያይ እኔ ጮጮዋን ከተሳፋሪው ወንበር ሥር ሸጎጥኳት። ኬላውን በሰላም አለፍን። መንገዱ ግን ያንገጫግጫል፤ አሰላ ደርሰን ሳወጣት ክዳኗ ላልቶ ግማሹ ፈስሷል። ምንጣፉን በሻሼ ጠራርጌ ዝም አልኩ። እንዳይቆጣኝ ፈርቼ ነው፤ ሌላ ነገር አልነበረውም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ክረምቱ ሲገባ፣ የመኪናዋ ሞተር ይጠፋ ጀመር። የጭላሎ ብርድ በሚወርድበት ጠዋት ትነሳና የግቢው በር ላይ ስትደርስ ትቆማለች፤ እኩለ ቀን ላይ ምንም እንዳልሆነች ትሄዳለች። ሦስተኛው ጊዜ አንድ የፓርቲ ሰው ለስብሰባ ይዛ ስትሄድ ሲሬ መንገድ ላይ ቆመች። ከዚያ በኋላ ጨርሶ አልተነሳችም። ጓድ ስብሰባው አመለጣቸው። በማግስቱ ጋሼን "አሻጥር" ብለው ቀበሌ አስገቡት።

በዚያ ዘመን አሻጥር የተባለ ሰው ወደ የት እንደሚወሰድ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ጓድ ራሳቸው ጋራዥ ድረስ መጡና አባባን እንዲህ አሏቸው፦ "መኪናዋ ላይ በሽታ ካገኛችሁ ሾፌሩ ይፈታል። ካላገኛችሁ በሽታው እሱ ነው።" የሚከታተል ሰው ከቀበሌ ተመድቦልን በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

አባባ ኮፈኑን ከፍተው ብዙ ቆሙ። "ካርቡራቶሯን ማን ወሰደው?"

"ስትሠራም አልነበራትም አሉ" አልኳቸው በመስኮቴ።

"ካርቡራቶር የሌለው ሞተር ጉሮሮ የሌለው ሰው ማለት ነው። በምን ሊውጥ ነው?"

የመጀመሪያውን ቀን ቤንዚን ጠረጠሩ። ያኔ ቤንዚን በኩፖን ነበር፤ በየቦታው ላምባ ስለሚቀላቀልበት የማንኛውም መኪና ሕመም መጀመሪያ የሚላከከው በሱ ነበር። ታንከሩን አራግፈው፣ በነጠላ ጨርቅ አጥልለው መለሱት። አልተነሳችም። በሁለተኛው ቀን ካንዴላዎቹን አወጡ፤ እሳቱ ደህና ነው። ፖምፓውም ይገፋል። በሦስተኛው ቀን ቆባቸውን አውልቀው ተቀመጡ። የቀበሌው ሰው ማስታወሻ ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጻፈ።

ከመስኮቴ ወጣሁ። "አባባ፣ በአምፖል እንሞክር።" ቤንዚኑን ወደ ሞተሩ የሚረጩ አራት አፍንጫዎች ነበሯት፤ ለእያንዳንዳቸው ሽቦ ይመጣል። ሁለት ቀጭን ሽቦ የታሰረባት ትንሽ የዳሽቦርድ አምፖል ነበረችኝ፤ ከአንዱ አፍንጫ ሽቦ ጫፍ ላይ ገጠምኳትና "ይነሳ" አልኩ። ሞተሩ ሲዞር ብልጭ ብልጭ ማለት ነበረባት። እንደ ጨለመች ቀረች። በአራቱም ላይ ጨለመች።

"እሳት አለ" አልኩ። "ቤንዚን እስከ በሩ ይመጣል። በሩን ክፈት የሚል ነው የጠፋው።"

"እና ክፈት የሚለው የት ነው የሚኖረው?" አሉ አባባ።

ሽቦዎቹን በጣቴ ተከተልኳቸው። ከሞተሩ በስተኋላ በቀዳዳ ገብተው፣ ከዳሽቦርዱ ሥር አልፈው፣ ከምንጣፉ በታች ይሄዳሉ። የሚያመሩትም ወደ ተሳፋሪው ወንበር ነበር። እዚያ ስደርስ እጄ ቆመ። አባባ ገፋ አድርገውኝ ወንበሩን ፈቱት።

ከሥሩ እንደ መጽሐፍ ጠፍጣፋ የሆነ የቆርቆሮ ሣጥን ነበር፤ ዛሬ ልጆቹ ኮምፒዩተር የሚሉት። ክዳኑን በካቻቢቴ ሲያነሱት ሽታው ወጣ። የኮመጠጠ፣ የከረመ የእርጎ ሽታ። እንደ ፀጉር የቀጠኑት የመዳብ መስመሮች አረንጓዴ ዝገት በልቷቸዋል፤ አባባ በብሩሽ ነካ ሲያደርጓቸው ተፈረፈሩ። ብርድ ሲመታቸው ይለያያሉ፣ ሲሞቃቸው ይነካካሉ፤ በመጨረሻ ተበሉ።

"ዝናብ ነው" አሉ አባባ ጮክ ብለው፣ የቀበሌው ሰው እንዲሰማ። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። "ዝናብ እንዲህ አይሸትም።"

"እኔ ነኝ አባባ። እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት።"

"እኔ ጉንፋን ይዞኛል፤ የሚሸተኝ ነገር የለም" አሉና ሣጥኑን በአቡጀዲ ጠቀለሉት።

የቀበሌው ሰው ግን ቀረብ ብሎ አየና "ዝገት ያልበላው ዕቃ የት አለ? ስትነሳ ነው የማምነው" አለ። ስለዚህ ወረቀት አጽፌ ሮቤ ሄድኩ፣ የተገለበጠችዋ እህቷ ጋ። ዘበኛው አንድ የአርሲ ሽማግሌ ነበሩ።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ከሞተ መኪና ምን ይወሰዳል?"

"አንጎሉን ነው አባቴ።"

"አንጎል ከነበረው ምነው ተገለበጠ?"

ሳቅሁ። ከስንት ቀን በኋላ የሳቅሁት ያኔ ነው። ወንበሩን ራሴ ፈትቼ ሣጥኑን አወጣሁ፤ ደረቅ ነበር። በጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍሬ፣ እንደ አራስ ልጅ በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ እስከ አሰላ ከጭኔ ሳላወርደው መጣሁ።

መጀመሪያ አምፖሏን ነው የገጠምነው። ብልጭ ብልጭ አለች። ከዚያ መኪናዋ በአንድ ጊዜ ተነሳች። አባባ ሁለት እጃቸውን ቱታቸው ላይ ጠርገው "በሉ፣ ልጁን አምጡ" አሉ።

ጋሼ ጢሙ አድጎ ወጣ። ቤት ስንደርስ ሁሉንም ነገርኩት፤ አልቅሼ ነው የነገርኩት።

"መፍሰሱን በማግስቱ ከሽታው አውቄያለሁ" አለኝ። "ሣጥኑ እዚያ መኖሩን ነው ያላወቅኩት።"

"ሲጠይቁህ ለምን አልተናገርክም?"

"ምን ልበል? እናቴ እርጎ ሰጥታኝ ልበል?" አለና "ጣፍጦ ነበር ግን?" ብሎ ጠየቀኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ለሰሜን ጦር ግንባር ሾፌሮች ተጠየቁ። መንጃ ፈቃዱ የጸና፣ ክስ የሌለበት ተባለ። ጉዳዩ ያላለቀለት ሰው አይላክም ነበር። ጓድ የጋሼን ስም ራሳቸው አነበቡ፤ ስሙ የነጻ ሾፌር ነው አሉ፤ እንደ ምስጋና ነበር የተናገሩት። ከጋሼ ጋር አንድ ክፍል የታሰረ ሌላ ሾፌር ነበር። የሱን መኪና በሽታ ማንም አላገኘለትም፤ ሳይፈታ ዘመቻው አለፈው። ዛሬ አሰላ ውስጥ ጎሚስታ ቤት አለው፣ የልጅ ልጅ አይቷል። ሲያገኘኝ ከመቀመጫው ተነስቶ ይስመኛል፤ እኔም እስመዋለሁ፣ ዓይኑን ግን አላየውም።

ጋሼ የተሰጠው ትልቅ የጭነት መኪና ነበር። ሊሄድ ሲል ኮፈኑን ከፍቶ አሳየኝ። "ተመልከቺ፣ ይሄኛው ካርቡራቶር አለው። አትጨነቂ" አለኝ። ሁለት ደብዳቤ መጣልን፤ ሦስተኛው አልመጣም።

ጮጮዋን አጥቤ፣ በወይራ አጥኜ ለእናቴ ልመልስላት ጎበሳ ወሰድኳት። አልተቀበለችኝም። ወንድምሽ ሲመጣ እሱ ያመጣታል፣ ባዶ ዕቃ አይመለስም አለች። ስለ ሣጥኑ አልነገርኳትም። እስክትሞት ድረስ አልነገርኳትም።

ነጯ መኪና ለሌላ ሾፌር ተሰጠች። ጋራዡ እስኪዘጋ ድረስ በየጠዋቱ በመስኮቴ ሥር ታልፍ ነበር። መፍቻ የሚጠይቀኝን ሰው በእጄ ቆይ እያልኩ ድምጿን አዳምጣለሁ፤ በር ላይ ስትደርስ እንድታስል፣ እንድትቆም እየጠበቅኩ። ብርዱ ሲከፋም፣ ዝናቡ ሲወርድም፣ አንድ ቀን እንኳ አልቆመችም።