የማንቀጥቀጫው ተራ

ጉልበቴ የታመመው በስግደት ነው ብል ሰው ጻድቅ ያደርገኛልና እውነቱን ልናገር፤ የታመመው በዳገት ነው። ቡራዩ ቤት ስንሠራ አቅማችን የቻለው ቦታ ከላይ፣ ወደ ገፈርሳ በኩል ነበር። ውሃ ከታች፣ ቤት ከላይ ሆነ። ልጆቼን ያሳደግኩት ዳገት እየወጣሁና ቁልቁለት እየወረድኩ ነው። ስወጣ ደህና ነኝ። ስወርድ ግን ከጉልበቴ ሎሚ ሥር አንድ ነገር በጣት እንደሚጫኑት ያመኛል። መጀመሪያ ቁልቁለቱ ላይ ብቻ ነበር፤ በኋላ ከበርጩማ ስነሣም መጣ።

ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። ያልቻልኩት ወንበሩን ነው። አንድ ዓመት ስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ስደርስ፣ መስገድ ለማይችሉ ሰዎች ከተደረደሩት የፕላስቲክ ወንበሮች አንዱን አምጥተው ከሥሬ አደረጉልኝ። ማንም አልጠየቀኝም። ሰው ሁሉ ወድቆ ሲነሣ እኔ ተቀምጬ አንገቴን ስነቀንቅ ዋልኩ። ያ ስግደት አይደለም፤ ታክሲ ውስጥ እንቅልፍ የያዘው ሰውም ያደርገዋል። በመጪው ስቅለት በራሴ ጉልበት እሰግዳለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ሴት ልጄ አስፋልቱ ዳር አዲስ ክሊኒክ እንደተከፈተና ለጉልበት የሚሆን ማሽን እንዳለው ሰምታ ወሰደችኝ። ማሽኑ የእህል ሚዛን ይመስላል፤ ሰው የሚቆምበት ጠፍጣፋ ነገር፣ ከፊቱ መያዣ ያለው። ነጭ ጋውን የለበሰው ወጣት ጉልበቴን እየተጫነ የት ጋ እንደሚያመኝ ካየ በኋላ፣ ጉልበቴን ትንሽ አጥፌ እንድቆምበት ነገረኝ።

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ያንቀጠቅጥዎታል።"

"ልጄ፣ የቡራዩ ብርድ በነጻ ሲያንቀጠቅጠኝ ነው የኖርኩት።"

"ብርዱ ጥርስዎን ነው እማማ። ይሄ ጅማትዎን ነው።"

ጅማቱ ሸክም ሲበዛበት ኖሮ እንደተጎዳ፣ ንዝረቱ ጡንቻውን እንደሚያሠራው፣ ጡንቻው ሲበረታ ጅማቱም ቀስ በቀስ ሸክም እንደሚለምድ አስረዳኝ። ተአምር እንዳልሆነም ነገረኝ። የረዳው ሰው አለ፣ ያልረዳው አለ፤ ሳምንታት መመላለስ ይፈልጋል፣ ቤት ውስጥም ቀስ ብሎ ቁጭ ብድግ ማለት አለ። ይህን ሲለኝ ወደድኩት። አታላይ ቢሆን በሳምንት ይሮጣሉ ይለኝ ነበር።

ማሽኑን ሲያስነሣው ጉንጬም ነጠላዬም ተንቀጠቀጡ። ልጄ እየሳቀች "እማዬ፣ እንዴት ነው?" ስትለኝ "ደ-ደ-ደህና" ነው ያልኩት። ስወርድ ግን ለትንሽ ጊዜ ጉልበቴ የኔ እስከማይመስለኝ ድረስ ቀለለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንቀጥቀጫው አልኩት፤ ሰፈሩም ተከተለኝ።

ሰፈሩ ስል በተለይ ጎረቤቴን ነው። እሷ ከቤቴ በታች ሱቅ አላት፤ ጨርቅ፣ ሳሙና፣ ባትሪ፣ የማትሸጠው ነገር የለም። ቤተሰቧ በሙሉ ነጋዴ ነው፤ እስላም ናት፣ እኩያዬ ናት፣ ጉልበቷም የኔው ዓይነት ነው። እሷም መስገጃዋ ላይ መንበርከክ አቅቷት ወንበር ላይ ሆና መስገድ ከጀመረች ቆይታለች። ማሽኑን እንዳወራሁላት በማግስቱ ሱቋን ለምራቷ ትታ መጣች። እየሄድን ተከራከርን።

"ያንቺ በዓመት አንድ ቀን ነው" አለችኝ። "እኔ በቀን አምስቴ እሰግዳለሁ። ማሽኑ ለማን ይገባል?"

"አንቺ በየቀኑ የምትከፋፍዪውን እኛ በአንድ ቀን እንጨርሰዋለን። ደግሞ ጉልበትሽን የጎዳው ሶላት አይደለም፣ ሱቅሽ ውስጥ ያለው አጭር በርጩማ ነው።"

"ያንቺን የጎዳው ክርክር ነው" አለች። ክሊኒኩ ደረስን።

ክሊኒኩ ውስጥ ወረፋው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ቀድሞ የመጣ ወደ በሩ ይጠጋል። ከሰበታም ከሱሉልታም ሰው ይመጣ ስለነበር አግዳሚው ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ገና ስገባ "እማማ፣ ይቅደሙ" ይሉኛል። ይህ ነገር ደሜን ያፈላዋል። አንድ ቀን ኳስ ሲጫወት ጉልበቱን የጎዳ ጎረምሳ ተነሥቶ ተራውን ሊሰጠኝ ሲል፣

"ጉልበትህ ያምሃል?" አልኩት።

"አዎ።"

"ቀድመኸኛል?"

"አዎ፣ ግን እርስዎ..."

"ተቀመጥ እንግዲህ። እርጅናዬን ወረፋ ለማለፊያ አላወጣውም።"

ሌላ ቀን ደግሞ ከረባት ያሰረ ሰው መኪናውን በር ላይ አቁሞ ቀጥ ብሎ ሊገባ ሲል ጃንጥላዬን በሩ ላይ አጋደምኩበት። ቸኩያለሁ አለኝ። ሁላችንም ብንቸኩል እዚህ አንመጣም ነበር፣ መሮጥ ስላልቻልን ነው የመጣነው አልኩት። ከሰዎቹ ኋላ ሄዶ ቆመ። ጎረቤቴ ግን ለአንድ ሳምንት "ፖሊሷ" እያለች ሰደበችኝ።

እንዲህ እያልን ጾሙ እየገፋ ሲሄድ ጉልበቴ ትንሽ በትንሽ መሻል ጀመረ። ግን የማስተር ፕላኑ ጊዜ ነበር። ካርታ ላይ መስመር ተሰምሮ አዲስ አበባ ወደ እኛ ልትሰፋ ነው ተባለ። ወተት የሚሸጡልኝ የሰፈራችን ገበሬ፣ መስመሩ በከብቶቻቸው ግጦሽ ላይ እንደሚያልፍ የሰሙት ከታክሲ ረዳት ነው። ከታክሲ ረዳት! እኔ ከመሠረተ ትምህርት ያለፈ አልተማርኩም፣ ፖለቲካም አላውቅም። ወረፋ የያዘን ሰው ሳይጠይቁ ከፊቱ መግባት ግን ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ፕላኑ ቀረ ከተባለ በኋላም ነገሩ አልበረደም። የሰፈሩ ልጆች ለተቃውሞ ወጡ፤ ከወጡት ወደ ቤታቸው ያልተመለሱ አሉ። በዚያ ላይ ቀልድ የለኝም።

ለእኛ ደግሞ መንገዱ ተዘጋ፣ መብራቱ ጠፋ። ከሰበታና ከሱሉልታ የሚመጡት ቀሩ። አግዳሚው ባዶ ሲሆን ወረፋው አጠረ ብዬ ደስ ያለኝ ቀን ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ወዲያው መብራት ስለሌለ ደስታው አልቆየም። ያለ መብራት ማሽኑ እውነትም የእህል ሚዛን ነው። ወጥተን ቆምንበት፣ ወረድን፣ ወደ ቤታችን ሄድን። ሰሙነ ሕማማት ሲገባ ጉልበቴ ለቀናት ሳይንቀጠቀጥ ቆይቶ እንደገና መጠዝጠዝ ጀመረ። ያ የፕላስቲክ ወንበር በህልሜ መጣብኝ።

ረቡዕ ሄድን። ጎረቤቴ ቀድማኝ ደርሳ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ከሁለታችን በቀር ማንም የለም። ብዙ ጠብቀን ልንነሣ ስንል አምፖሉ በራ፤ ወጣቱም በሩን ከፍቶ "መጣ! ቶሎ በሉ፣ ተራው የማን ነው?" አለ።

"የሷ ነው" አልኩ።

"የሷ ነው" አለች እሷም ወደ እኔ እያመለከተች።

"አንቺ ነሽ ቀድመሽ የመጣሽው።"

"ስቅለት ከነገ ወዲያ ነው። የኔ ረመዳን ገና ነው። ግቢ።"

"ተራ ተራ ነው።"

"በሞቴ ግቢ።"

"በሞቴ ብትዪኝም አልገባም። አንቺ ግቢ፣ በልጆቼ።"

"ልጆችሽ እዚህ ምን አገባቸው? ወላሂ ካንቺ በፊት አልቆምበትም።"

"እናቶቼ፣ እባካችሁ፣" አለ ወጣቱ፣ "መከራከር እኮ አያስፈልግም፣ ማሽኑ ላይ..."

"አንተ ዝም በል" አልነው ሁለታችንም።

ነጠላዬን ይዛ ወደ ውስጥ ጎተተችኝ። እኔ ትከሻዋን ይዤ አስቀደምኳት። በሩ መሃል ተጣብቀን ስንገፋፋ መብራቱ ሄደ።

ከዚያ ወጣቱ በጨለማው ውስጥ ቀስ ብሎ "ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ" አለ። "ማሽኑ ግን ጠፍቷል።"

ዳገቱን እሷ ከፊት እኔ ከኋላ ሆነን ወጣን። ሱቋ በር ላይ ስትደርስ ብቻ ዞር ብላ "ግትር" አለችኝ። "ወላሂ ያለው ማን ነው?" አልኳት። እንዲህ ተለያየን።

ሐሙስ ጠዋት በሬን አንኳኳች። ታክሲ የለም፣ ባጃጅ የለም፣ አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል። ለጉልበታችን መድኃኒት ፍለጋ በታመመ ጉልበታችን ቁልቁለቱን ወረድን። ድንጋዮቹ ጋ የቆሙት ወጣቶች አስቆሙን።

"አኮ፣ ኤሳ ዴምቱ?" አለኝ አንዱ፤ አያቴ፣ የት ነው የሚሄዱት ማለቱ ነው።

"ጅልባ" አልኩት ጉልበቴን እየመታሁ።

ሳቀ። "ጉልበትዎን አሞዎት በእግርዎ ይሄዳሉ?" አለኝ በአማርኛ።

"መኪናውን የከለከልከኝ አንተ። ምን ላድርግ፣ ልብረር?"

አጠገቡ ያሉት እሱ ላይ ሳቁበት። እሱም ከመንገድ መዝጊያው አንድ ሰፊ ድንጋይ አንከባሎ ወደ ዳር አወጣና "ትንሽ ይረፉ" አለን። ጎረቤቴና እኔ የተዘጋው መንገድ ዳር፣ በመዝጊያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠን አረፍን። እዚያ ላይ ሆነን ነው የተስማማነው። ረቡዕ የሷ ተራ ስለነበር መጀመሪያ እሷ፣ መብራት ከተረፈ እኔ። ካልተረፈ ግን ወንበሩ እንደሚጠብቀኝ አወቅሁት። ቢሆንም ተራ ነው።

ክሊኒኩ ስንደርስ መብራት አለ። ስምምነታችንን ለወጣቱ ነገርነው። ግንባሩን እያሻሸ ተመለከተን።

"እናቶቼ፣ ማሽኑ ላይ የሚቆመው ትንሽ ትንሽ ነው። ትንሽ ይቆማሉ፣ ትንሽ ያርፋሉ፣ እንደገና ይቆማሉ። እስከ ዛሬ እንደዚያ አይደል ሳሠራችሁ የነበረው? አንዳችሁ ስታርፍ ሌላዋ ትቆማለች። አንድ ላይ ትጀምራላችሁ፣ አንድ ላይ ትጨርሳላችሁ።"

ተያየን።

"ይህን ትናንት ለምን አልነገርከንም?" አለች ጎረቤቴ።

"ልነግራችሁ ስል ዝም በል አላችሁኝ።"

እሷ ስትንቀጠቀጥ እኔ አግዳሚው ላይ፣ እኔ ስንቀጠቀጥ እሷ አግዳሚው ላይ እየሆንን ጨረስን። መብራቱም አልጠፋም፤ እኛን ሊያሳፍረን ይመስለኛል።

አርብ ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ወንበሩን ይዘው መጡ። አመስግኜ መለስኩት። ወጣቱ ያሠለጠነኝን እያስታወስኩ ቀስ ብዬ እወርዳለሁ፣ ቀስ ብዬ እነሣለሁ። ከሕዝቡ ጋር መሄድ ግን አልቻልኩም። እነሱ ሲወድቁ እኔ እነሣለሁ፣ እነሱ ሲነሡ እኔ ገና እወርዳለሁ። አጠገቤ ያለችው ሴት ግራ ገብቷት አንዴ ከነሱ፣ አንዴ ከኔ ጋር መስገድ ጀመረች። ያመኝ ነበር፣ አልዋሽም፤ ሆኖም የሚቻል ሕመም ነበር።

ወደ ማታ በወይራ ቅጠል መታ መታ እያደረጉ ተጨማሪ ስግደት ወደሚሰጡት ቄስ ተሰለፍኩ። ቄሱ ከልጄ ያንሳሉ። ቅጠሉን ትከሻዬ ላይ ነካ አድርገው በጣም ጥቂት ሰጡኝና ይሂዱ አሉኝ። አልሄድኩም።

"አባ፣ ከፊቴ ለነበረችው ከዚህ በላይ ነው የሰጧት።"

"ዕድሜዎን አይቼ ነው፣ እናቴ።"

"ኃጢአቱን ስሠራ ዕድሜዬን ማን አየልኝ?"

ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ሳቀ። ቄሱ አፋቸውን በወይራው ሸፍነው ቆዩና ጨመሩልኝ። ያው ለሁሉ የሚሰጡትን ያህል ሆነ። ሁሉንም ሰገድኩ። የመጨረሻዋ ላይ ግንባሬን መሬት አድርጌ ብዙ ቆየሁ። ሰዎች በጸሎት ተመስጣለች ብለው ዙሪያዬን ለቀቁልኝ። ጉልበቴን እየጠበቅኩት ነበር።

ስመለስ ጎረቤቴ ሱቋ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

"ወንበሩስ?"

"ሌላ ሰው ተቀመጠበት።"

አጭሩን በርጩማዋን አውጥታ አቀረበችልኝ። አላስቻለኝም፣ ተቀመጥኩ።

"ረመዳን ሲገባ እኔም ወንበሬን ትቼ መስገጃዬ ላይ እሰግዳለሁ" አለች። "ከፋሲካ በኋላ ግን ማሽኑ ላይ መጀመሪያ የምቆመው እኔ ነኝ።"

"የሐሙሱን እኮ አንቺ ጀመርሽ። አሁን የኔ ተራ ነው።"

"ተራሽ ነው። ግን መጀመሪያ ከዚያ በርጩማ ተነሺ።"

ልነሣ ሞከርኩ። አልሆነም። እንደገና ሞከርኩ። እሷ እጇን አጣምራ ቆማ፣ ሳትስቅ፣ ታየኛለች። በመጨረሻ እጄን ዘረጋሁላት።

"እሺ" አልኩ፣ "አንቺ ጀምሪ።"