የጋሽ ዲግሪ የመጨረሻ እንቁላሎች

ጋሽ ዲግሪ ይህን ስም ያገኙት ተምረው አይደለም። ስምንተኛ ክፍልንም አልጨረሱም። አንድ የተበላሸ ማቀዝቀዣ ገዝተው፣ ሆድ ዕቃውን አራግፈው፣ አራት አምፖልና አንዲት ትንሽ ማራገቢያ ገጥመው የእንቁላል መፈልፈያ አደረጉት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው ተለወጠ። ገና ከበሩ ሳይገቡ ባለቤታቸውን እትዬን፣ «ስንት ዲግሪ ነው?» ይላሉ። «ሠላሳ ሰባት ተኩል» ከተባሉ ጫማቸውን ያወልቃሉ። ከወረደ ግን ከነጫማቸው ወደ ማሽኑ ነው።

«የሰው ሚስት ባሏን ደህና ዋልክ ትላለች፤ እኔ ቁጥር እጠራለሁ» ይሉን ነበር እትዬ፣ እየሳቁ።

የመጨረሻዎቹ እንቁላሎች ስልሳ ነበሩ። ጋሽ ዲግሪ እንደ ልማዳቸው በእያንዳንዱ ላይ በአንድ በኩል ቀኑን፣ በሌላ በኩል የመስቀል ምልክት በእርሳስ ጻፉበት። በቀን ሦስት ጊዜ ሲገላበጡ የቱ እንደዞረ የሚታወቀው በዚያ ነው። በዘጠነኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ደረታቸውን ይዘው እንደተቀመጡ ቀሩ።

በቀብሩ ዕለት እትዬ ከለቀስተኛው መሀል ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡና እንቁላሎቹን አገላበጡ። የባላቸው እህት ተከትለዋቸው ገቡ።

«አንቺ ሴት፣ ዛሬስ ተያቸው! እንቁላል የትም ይገዛል።»

«እሱ የጻፈባቸው የት ይገዛል?» አሉ እትዬ። «ጀምሮት ነው የሄደው። እነዚህ ሲወጡ ሥራውን ጨረሰ ማለት ነው። ያኔ እኔም ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ።»

እውነትም እስከዚያ አላለቀሱም።

የእንቁላሎቹ ሃያኛ ቀን ቅዳሜ ዋለ። ጠዋት እንዴት አደሩ ልል ከጎረቤት ብቅ ስል አንድ እንቁላል ጆሮዬ ላይ አስጠጉልኝ። «ስማ!» ከቅርፊቱ ውስጥ ቀጭን የጫጩት ድምፅ ይመጣል። «ነገ ይወጣሉ» አሉ። ከቀብሩ ወዲህ ጥርሳቸውን ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። እንቁላሉን መልሰው በሩን ሲዘጉ አምፖሎቹ ድርግም አሉ።

መብራት በጠፋ ጊዜ ጋሽ ዲግሪ የሚጠቀሙበት የመኪና ባትሪ ነበራቸው። እሳቸው ከሞቱ ወዲህ የሞላው ሰው ስላልነበረ እሱም ሞቷል። ከፊት ለፊት የሚኖረው ሹፌር ለመብራት ኃይል ደወለ።

«ምን አሉህ?» አሉት እትዬ።

«ትራንስፎርመር ነው፣ ዛሬ ይሠራል አሉ። የትኛው ዛሬ እንደሆነ አልነገሩኝም።»

ወዲያው ልብስ ሰፊዋ መጣች። ቤቷ ከእትዬ ቤት በአንድ ግድግዳ ነው የሚለየው። እጇ ሥራ ፈቶ መዋል አያውቅም። «የኔም ማሽን ቆሟል፤ እዘዙኝ» አለች። ውሃ አሞቅን፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ እየሞላን ከእንቁላሎቹ ሥር ደረደርን። እትዬ በበሩ ላይ ባለችው ትንሽ መስታወት ቴርሞሜትሩን እያዩ ይጠራሉ፤ «ሠላሳ ስድስት... ሠላሳ አምስት ተኩል...» እኛ ደግሞ ወደ ምድጃው እንሮጣለን።

እኩለ ቀን ላይ እትዬ ማሽኑን ተደግፈው ማንቀላፋት ጀመሩ።

«እትዬ፣ ሌሊቱን እንዳልተኙ ዓይንዎ ይናገራል» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ትንሽ ጋደም ይበሉ። እኔ እያለሁ?»

«ሩብ ሰዓት ብቻ፣ ልጄ። እንዳትረሺኝ።»

«አይስጉ፣ እቀሰቅስዎታለሁ።»

አልቀሰቀሰቻቸውም። አሳዘኗት። እሳቸው እንደተኙ በማሽኑ ዙሪያ እጇን ስታስኬድ ከላይና ከጎን የተበሱ ቀዳዳዎች አገኘች። መዳፏን አንዱ ቀዳዳ ላይ አስጠግታ፣ «ሙቀቱ በዚህ እኮ ነው የሚያመልጠው!» አለች በሹክሹክታ። ሮጣ ከቤቷ የሰማያዊ ዩኒፎርም ቁርጥራጭ በጉያዋ ሙሉ አመጣች። እያንዳንዷን ጠቅልላ፣ ጫፏን አጥፋ፣ እንደ ቁልፍ ልክክ አድርጋ ወተፈቻቸው። አሥራ ሁለት ነበሩ። የላዩን ስትደፍን የቆመችበትን ወንበር የያዝኩላት እኔ ነኝ። ከዚያ መስታወቷን ብቻ ትተን ብርድ ልብስ ደረብንበት። በሩንም እንዳይበርድ ብለን ከዚያ በኋላ አልከፈትነውም።

ቁጥሩ መውረዱን አቆመ። እንዲያውም ወጣ። ሠላሳ ሰባት፤ ሠላሳ ሰባት ተኩል። ልብስ ሰፊዋ እጄን ጨምቃ ልትሰብረው ነበር።

መብራት ወደ አሥር ሰዓት ላይ መጣ። የሰፈር ልጆች ጩኸት እትዬን ቀሰቀሳቸው። በርግገው ተነሱ።

«ስንት ዲግሪ ነው?»

«ሠላሳ ሰባት ተኩል!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አንዲት አላመለጠችኝም!»

እትዬ ግንባሯን ሳሟት። ብርድ ልብሱን ገፈው በሩን ከፈቱ፣ አንድ እንቁላል አንስተው ጆሮአቸው ላይ አስጠጉ። መለሱት። ሌላ አነሱ። ከዚያ ሌላ። ስምንተኛው ላይ ይመስለኛል፣ ቀና ሲሉ ዓይናቸው ሰማያዊዎቹ ጨርቆች ላይ አረፈ። እጃቸው ባለበት ቀረ።

«ምነው እትዬ?»

በእጃቸው ያለውን እንቁላል አስቀመጡ።

«ብርዱ ነው» አሉ። «ጠዋት፣ አንቺ ሳትመጪ በፊት መትቶ ገድሏቸዋል። እኔ ነኝ በሩን ከፍቼ የቆየሁት።»

ልብስ ሰፊዋ እሪ አለች። «ምናለ ቀደም ብዬ በመጣሁ!» እያለች ደረቷን መታች። አቅፈው የሚያባብሏት እትዬ ነበሩ። «አንቺ ምን ታደርጊ፣ የኔ ልጅ። አንቺማ አሙቀሽልኛል። ሂጂ አሁን፣ ፊትሽን ታጠቢ።»

ስትወጣ ጨርቆቹን አንድ በአንድ ነቅለው በቀሚሳቸው ኪስ ጨመሩ።

«ሊወጣ የደረሰ ጫጩት ይተነፍሳል» አሉኝ ሳያዩኝ። «ለዚያ ነው እሱ ቀዳዳዎቹን የበሳው።»

ወንበሩን ስለመያዜ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ።

«አንተ ምንም አላየህም።»

«አላየሁም፣ እትዬ።»

እትዬ ካረፉ ቆይቷል። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ባለፈው ዓመት አረፈች። ይህን እስከ ዛሬ ያልጻፍኩት ስለዚህ ነው።

ያን ዕለት እንቁላሎቹን አውጥተን በሰፌድ ደረደርናቸው። እትዬ አንዱን ይዘው በአውራ ጣታቸው ጽሕፈቱን ዳበሱት፤ እንዳይጠፋባቸው ይመስለኛል፣ ወዲያው ጣታቸውን አነሱ። በግድግዳው ማዶ የልብስ ሰፊዋ ማሽን መንኳኳት ጀመረ። በመሀል ይቆማል፣ ትናፈጣለች፣ ደግሞ ይቀጥላል።

ልሄድ ስል እጄን ያዙኝ።

«በሩን ዝጋልኝ» አሉ። «ያቺ ልጅ እንዳትሰማኝ።»

ዘጋሁት። እትዬ ያን ጊዜ አለቀሱ።