ለላቦራቶሪ የተመረጠ ውሃ

ጠርሙሴ የሚል ስም ያወጣንላት እኛ የእህቷ ጎረቤቶች ነን። የውሃ መሐንዲስ ናት፤ ሰው ቤት ስትገባ ከሰላምታ በፊት ዓይኗ ቧንቧው ላይ ነው። አንድ የሚከጅላት ሰው አበባ ይዞ ቢመጣ፣ ከማስቀመጫው ውሃ ናሙና ወሰደችበት ይባላል። እኔ አልነበርኩም፤ የነገረችኝ ሴት ግን አትዋሽም፣ ትጨምራለች እንጂ።

የምታጠናው ውሃ በመንገዱ ምን ይዞ እንደሚመጣ ነው፦ ከወንዙ ምን፣ ከማጣሪያው ምን፣ ከቧንቧው ምን። ባለፈው ዓመት ተራው የኛ አሮጌ ፎቅ ሆነ። እህቷ እዚያው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከአራት ወር ሕፃኗ ጋር ትኖራለች፤ የጡጦው ወተት የሚበጠበጠው በቧንቧ ውሃ ነው። ያረጀ ቧንቧ ደግሞ እርሳስ የሚባለውን ብረት ይለቃል። አይታይ፣ አይሸት፤ የሕፃን አእምሮ ግን ይጎዳል።

አሥር ጠርሙስ ለአሥር ቤት አደለች። "ጠዋት ማንም ቧንቧ ሳይከፍት ሙሉልኝ" አለች። የቧንቧውን ጉድ የሚያወጣው ውስጡ ያደረው ውሃ ነዋ።

ውጤቱ መጣ። ዘጠኙ እንከን የለሽ! የእህቷ ብቻ ከሚፈቀደው አራት እጥፍ እርሳስ ተገኘበት። አለቃዋ ሳቀ።

"ፎቁ ደህና ነው። ለእህትሽ የቧንቧ አፍ ቀይሪላትና ዓርብ ፋይሉን እንዝጋ።"

ፋይሉ ከተዘጋ ቧንቧውን የሚቀይር የለም። ጠርሙሴ አልዋጥልሽ አላት። ምድር ቤት ወደምትኖረው ጡረተኛ ነርስ ወረደች።

"እማማ፣ ውሃውን እንዴት ነበር የቀዱልኝ?"

"አሳምሬ ነዋ! ቢሮ የሚሄድ ውሃ አይደል እንዴ? የመጀመሪያውን ሁለት ባልዲ ደፋሁና ጥርት ያለውን ሞላሁልሽ።"

"እማማ! እኔ የፈለግሁት እኮ የደፉትን ነው!"

"ውይ! ድፍርሱን ልኬልሽ ምን ልባል?"

በየበሩ አንኳኳች፤ ያው ነው። ልብስ ሰፊው ቤተሰቡ ተጣጥቦ እስኪወጣ ጠብቆ ነው የቀዳው። አስተማሪው ይባስ ብሎ ከሱቅ የታሸገ ውሃ ገዝቶ ገልብጧል። "ስሜ ተለጥፎበት እኮ ነው የሚሄደው" አለ ሳያፍር። እንደታዘዘችው ያደረገች እህቷ ብቻ ናት፤ እሷም ሕፃኑን በአንድ እጇ ይዛ፣ እንቅልፏን ሳትጨርስ።

"ስንፍናዬ ጠቀመሽ አይደል?" አለቻት።

በማግስቱ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ጠርሙሴ ዘጠኙን ቤት ራሷ ዞረች። ውሃው የባሰበት ቤት ቧንቧው ቀድሞ ይቀየራል የሚል ወሬ ቀድሟት ነበር፤ ማን እንዳስወራው አልናገርም። ሰው ሁሉ ቧንቧው ውስጥ ያደረውን ውሃ ሳይነካ፣ ጥርሱን እንኳ ሳይፍቅ ደጁ ላይ ቆሞ ጠበቃት። ልብስ ሰፊው ዝገት የበላው ሚስማር ጠርሙሱ ውስጥ ሊከት ሲል እጁን መታ አደረገችው።

"ኧረ ጋሼ፣ ያለው ይበቃል!"

ዓርብ አለቃዋ አልሳቀም። ከዘጠኙ ሰባቱ እርሳስ ነበረባቸው። አዲሱ ቧንቧ እስኪገባ ሁለት ወር ፈጀ፤ እስከዚያ የሕፃኑን ውሃ ጠርሙሴ ከላቦራቶሪ እየተሸከመች ሦስት ፎቅ ትወጣ ነበር። ሠራተኞቹ ሲመጡ ነርሷ በሩ ላይ ጠበቀቻቸው።

"ከኔ ጀምሩ! ከሁሉም የባሰው የኔ ነው፤ ወረቀቱ ላይ አለ!"

ጠርሙሴ አዲሱንም ቧንቧ አላመነችም። ሦስት ጠዋት ለካችው። ሦስቱም ንጹሕ ሲሆኑላት የጡጦውን ወተት በገዛ እጇ በጠበጠች። ሕፃኑ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጣና ትከሻዋ ላይ አገሳባት።