አሠሪ ሠራተኛውን ራሱ ይመርምር

ላውንደሪ ያላቸውን ሴትዮ ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ማስታወቂያ» ነው የሚላቸው። የነጋዴዎች ማኅበር ጸሐፊ ከሆኑ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። በነዚህ ዓመታት ወር በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ፊትና ጀርባዋ የተጻፈባት አንዲት ወረቀት ሳያወጡ ቀርተው አያውቁም። የመንገድ መብራት ቢጠፋ፣ የቆሻሻ መኪና የመምጫ ቀኑን ቢቀይር፣ የአባል ልጅ ቢመረቅ፣ ሁሉም እዚያች ወረቀት ላይ አለ።

ችግሩ አንባቢ ነው። ዳቦ ቤቱ ትኩስ ዳቦ ይጠቀልልባታል። አናጺው አጣጥፎ የሚንገዳገድ ጠረጴዛ እግር ሥር ይሸጉጣታል። አንድ ጊዜ እትዬ ማስታወቂያ ንድድ ብሏቸው፣ ከጀርባው ገጽ ግርጌ «የማኅበራችን ሊቀመንበር ከዚህ ዓለም በሞት ስለተለዩ ጥልቅ ሐዘናችንን እንገልጻለን» ብለው ጻፉ። ለቅሶ ልድረስ ያለ አንድ ሰው አልተገኘም። ሊቀመንበሩ፣ ማለትም የዳቦ ቤቱ ባለቤት፣ በማግስቱ ራሳቸው በእግራቸው ላውንደሪው ድረስ መጥተው «የዚህ ወሯ ቆንጆ ናት፤ በርቺ!» ብለዋቸው ሄዱ።

አዲሱ የሠራተኞች ጤና ሕግ የመጣው እንግዲህ በዚህ መሀል ነው። አርባ ሁለት ገጽ ነው። ማኅበሩ ሲሰበሰብ ሊቀመንበሩ ጥራዙን በእጃቸው መዘን መዘን አደረጉና «ይሄን አንብቦ የጨረሰ ሰው ራሱ ሐኪም ያስፈልገዋል» ብለው ወደ ጸሐፊዋ ገፋ አደረጉት።

እትዬ ማስታወቂያ ግን አነበቡት። ሁለት ሳምንት ሙሉ በአንድ እጃቸው ካውያ፣ በአንድ እጃቸው ሕግ ይዘው ከረሙ። ገጽ አሥራ ሰባት ላይ የአንድ ጠበቃ ሱሪ አቃጠሉ። በመጨረሻ ግን ነገሩ ገባቸው፤ አምስትና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ሁሉንም የጤና መድን ውስጥ ያስመዘግባል፣ በዓመት አንድ ጊዜ በራሱ ወጪ ሐኪም ዘንድ ልኮ ያስመረምራል፣ የማንንም ውጤት ለማንም አያወራም። ይህን ያላደረገ ይቀጣል።

ያን ዕለት ማታ ወረቀቷን ሲያዘጋጁ ባለቤታቸው አጠገባቸው ነበሩ። ባለቤታቸው የመኪና መንዳት አስተማሪ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሰው በያዘው መሪ ሲሳቀቁ ስለኖሩ፣ ቤት ውስጥም ቢሆን ሰው ፈጠን ብሎ ሲያወራ ቀኝ እግራቸው መሬቱን ይረግጣል።

«ርዕስ ማለት እንደ መንገድ ምልክት ነው» አሉ። «ሰው ሳይቆም ነው ማንበብ ያለበት። በትልልቁ፣ በአንድ መስመር!»

እትዬ ማስታወቂያ በትልልቁ ጻፉ፦ «አሠሪ ሠራተኛውን በራሱ ወጪ ያስመርምር»። መስመሩን አልፎ ሄደ።

«‹ወጪ› የምትለዋን አውጫት» አሉ ባለቤታቸው። «እሷን ሲያዩ ነው የሚሸሹት።»

ወጣች። «በራሱ» የነበረው ደግሞ «ራሱ» ሆነ። አሁንም አንዲት ፊደል ወጥታ ቀረች። እንቅልፍም እየመጣ ነው። እትዬ ማስታወቂያ «ያስመርምር»ን «ይመርምር» አደረጉትና መስመሩ ልክክ አለ። ከሥሩ በቀይ «እምቢ ያለ ይቀጣል!» የሚል ጨመሩ። ዝርዝሩን ከጀርባ በደቃቅ ፊደል አስገብተው፣ አትመው፣ ለሰፈሩ በተኑት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዳቦ ሊገዙ ሄዱ። ሻጯ ባንኮኒው ላይ የለችም። ከኋላ፣ ከምድጃው ክፍል፣ «አ በል! ጎላ አድርገህ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ገባ ቢሉ ስምንቱም ሠራተኞች ግድግዳውን ተደግፈው፣ ምላሳቸውን አውጥተው ተሰልፈዋል። ሊቀመንበሩ ዱቄት በዱቄት የሆነ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ በስልካቸው መብራት የአንዱን ጉሮሮ ያያሉ።

«ይሄ ጉሮሮ ነው የጭስ ማውጫ?» አሉ ሊቀመንበሩ። «ቀጣይ!»

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ሕግ እያከበርኩ ነዋ!» አሉና ከደረት ኪሳቸው በአራት የታጠፈች ወረቀት መዘው አሳዩዋቸው። የእትዬ ማስታወቂያ ወረቀት ናት። አንድም የዳቦ ፍርፋሪ የለባትም።

መጀመሪያ የቀደማቸው ደስታ ነው። ተነበብኩ! ቀጥሎ ዓይናቸው ርዕሱ ላይ፣ «ይመርምር» የምትለዋ ላይ አረፈ። ዳቦውን ትተው ወደ አናጺው ሮጡ። አናጺው አንዱን ሠራተኛ ጎንበስ አድርጎ፣ ጣውላ ሲገዛ እንደሚያደርገው ጀርባውን በጣቱ አጥንት ኳ ኳ እያደረገ በጆሮው ያዳምጣል።

«ይሄ ጥሩ ደርቋል» አለና ወደ ቀጣዩ ዞረ። «አንተ ግን እርጥበት አለብህ። እዚያ ፀሐይ ላይ ቁም።»

እትዬ ማስታወቂያ ቤታቸው ገብተው አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ።

«አነበቡት» አሉ።

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?» አሉ ባለቤታቸው።

«አነበቡታ! አሥራ አንድ ዓመት ጠብቄ፣ ባነበቡኝ ቀን ተሳስቻለሁ ልበላቸው? ባልናገርስ? ጉሮሮ ማየት ማንን ይጎዳል? እንዲያውም...»

የባለቤታቸው ቀኝ እግር መሬቱን ረገጠ። «ቁሚ! ነገ ጠዋት ሄደሽ ትነግሪያቸዋለሽ።»

በማግስቱ ማረሚያ ጽፈው ወደ ዳቦ ቤቱ ሲሄዱ ነገሩ ብሶ ነበር። ሊቀመንበሩ ከመድኃኒት ቤት የደም ግፊት መለኪያ ገዝተው የሠራተኛውን ክንድ ሁሉ እየነፉ ጨርሰዋል። ሁሉም ደህና ነው። የመጨረሻዋ ተመርማሪ ሊጥ አቡኪዋ ነበረች። እዚያ ቤት ሃያ ዓመት ሙሉ ሊጥ አቡክታለች፤ ከሊቀመንበሩ ጋር ያወራችው ግን ቢደመር ግማሽ ቀን አይሞላም።

«እርስዎስ፣ ጋሼ?» አለች።

«እኔማ አሠሪ ነኝ። ሕጉ እኔን አይመለከትም።»

ሊጥ አቡኪዋ ክንዳቸውን ያዘች፤ ሃያ ዓመት ሊጥ ያቦካ እጅ ደግሞ ከያዘ አይለቅም። መሣሪያው ነፋ፣ ተነፈሰ፣ ጮኸ። ሁለት መቶ አሥር በመቶ ሃያ።

«ተበላሽቷል» አሉ ሊቀመንበሩ።

ለራሷ አሰረችው። መቶ ሃያ በሰማኒያ። እንደገና ለእሳቸው አሰረችው። ያው ነው።

«ተናድጄ ነው!»

«ማን አናደደዎት?»

«ይሄ መሣሪያ!»

እትዬ ማስታወቂያ ከነማረሚያቸው የገቡት በዚህ ጊዜ ነው። በሩ ላይ እንደቆሙ፣ ድፍረታቸው ሳይከዳቸው ለመጨረስ በአንድ ትንፋሽ ተናገሩት። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ስህተቱ የእኔ ነው። ሕጉ እንዲህ አይልም። መመርመር ያለበት ሐኪም ነው!»

«ሰሙ አይደል?» አለች ሊጥ አቡኪዋ። «ሐኪም ነው የሚለው። ይነሱ።»

የዳቦው መኪና ዳቦ ሊያደርስ ወጥቷል። እትዬ ማስታወቂያ ለባለቤታቸው ደወሉና አናቷ ላይ «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ ያላት መኪና መጣች። ባለቤታቸው ሕግ አክባሪ ሰው ናቸው። ቢጫ መብራት ከሩቅ ካዩ ይቆማሉ፤ እርግብ ብታቋርጥም ይቆማሉ። ሊቀመንበሩ ከነሽርጣቸው ከኋላ ተቀምጠው «በዚህ አነዳድ እኮ ስንደርስ ሐኪሙ ጡረታ ወጥቷል!» እያሉ ሲጮሁ፣ ሊጥ አቡኪዋ «አይናደዱ፣ ይጨምራል» እያለች ክንዳቸውን እንደያዘች ክሊኒክ ደረሱ።

ሐኪሙ ሲለካ ፊቱ ተለወጠ። «ራስዎን አያምዎትም?»

«ያመኛል። ከምድጃው ሙቀት ነው ብዬ...»

«ስንት ጊዜዎ ነው?»

«ሁለት ዓመት ይሆናል።»

አራት ቀን አስተኛቸው። ለሊጥ አቡኪዋ ለብቻዋ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ዛሬ የምናወራው ሌላ ነበር» አላት። እሷም ውጭ ወጥታ ለእትዬ ማስታወቂያ ነገረቻቸው።

በዚያው ሳምንት ማኅበሩ ተሰበሰበ። ከሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ የመጣው ተቆጣጣሪ ወረቀቷን ከፍ አድርጎ ያዘ። «ይህን የጻፈው ማነው?»

እትዬ ማስታወቂያ ተነሡ። «እኔ ነኝ። አንዲት ፊደል ለመቆጠብ ብዬ ሕጉን ገደልኩት። የጸሐፊነቱንም ቦታ...»

«ቆይ ቆይ!» አናጺው ተነሣ። ጸሐፊዋ ብቻቸውን ሲወቀሱ ማየት አልቻለም። «ጌታዬ፣ ሥራው በደንብ ነው የተሠራው። እኔ ስድስት ሠራተኛ መርምሬያለሁ። አምስቱ ደህና ናቸው፤ አንደኛው ትንሽ እርጥበት አለበት፤ እሱም...»

«ስም እንዳትጠራ!» ብለው ጮኹ እትዬ ማስታወቂያ። «ውጤት ምስጢር ነው! ገጽ ሠላሳ አንድ!»

ተቆጣጣሪው ወረቀቷን ፊቱ ላይ አደረገ። ትከሻው ለጥቂት ጊዜ ሲንቀጠቀጥ ታየ። ሲያወርዳት ዓይኑ እንባ አዝሏል። «በየማኅበሩ እየዞርኩ ነው» አለ። «አዲስ ሕግ መውጣቱን አባላቱ በሙሉ የሚያውቁበት ማኅበር ሳገኝ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። አንድ ወር እሰጣችኋለሁ። ግን በእግዚአብሔር፣ ማንንም እንዳትመረምሩ።» ጸሐፊዋ ሥራ ልልቀቅ ማለታቸውን ያስታወሰ ሰው አልነበረም። እሳቸውም አላስታወሱም።

ወሩ ሳያልቅ ማኅበሩ ከክሊኒኩ ጋር ተዋዋለ፤ የዳቦ ቤቱም፣ የአናጺውም፣ የላውንደሪውም ሠራተኛ ተራ በተራ ሄዶ ተመረመረ። እርጥበት አለበት የተባለው ልጅ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። አናጺው ግን እስከ ዛሬ አላመነም።

ሊቀመንበሩ ጨው ተከልክለው፣ መድኃኒታቸውን ይዘው ወደ ሥራ ተመለሱ። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሊጥ አቡኪዋ እጇን ታጥባ፣ መለኪያውን ይዛ ፊታቸው ትቆማለች።

«ክንድዎን።»

«መጀመሪያ ሊጡን ጨርሺ።»

«ሊጡ ይጠብቃል።»

ሊቀመንበሩ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ አንዴ ወደ ምድጃው፣ አንዴ ወደ ጣራው ያያሉ። መለኪያው መንፋት ሲጀምር፣ ቁጥሩን የሚያወርድ እየመሰላቸው ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ይይዛሉ።

«ይተንፍሱ እንጂ፣ ጋሼ!» ትላቸዋለች።