መነጽሩን የሚያወልቀው ዶክተር

ታላቅ ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያረዳ የኖረ ሰው ነው። እውነቴን ነው! በፊልምም ሆነ በተከታታይ ድራማ፣ የኦፕራሲዮን ክፍል በር ተከፍቶ ነጭ ጋዋን የለበሰ፣ ጉንጩ የጎደጎደ መለሎ ብቅ ካለ እሱ ነው። መነጽሩን ቀስ ብሎ ያወልቃል፣ በጋዋኑ ጫፍ ይወለውለዋል፣ ወለል ወለሉን ያያል፤ ከዚያ «የምንችለውን ሁሉ አድርገን ነበር» ይላል። አለቀ! ዋናዋ ተዋናይት ትጮኻለች፣ ካሜራው ወደ እሷ ይዞራል፣ ጋሼ ጋዋኑን ለአልባሳት ክፍል አስረክቦ ቤቱ ይገባል።

ስሙን የሚያውቅ የለም፤ ፊቱን የማያውቅ ግን አታገኙም። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ሴትዮ አፍጥጣ አየችውና፣

«አንተ አይደለህ ያንን የመሰለ ጎረምሳ የገደልከው?» አለችው።

«ኧረ እኔ አልገደልኩትም እናቴ፤ ሲያመጡትም አልቆለት ነበር።»

«ሂድ ወዲያ! ቶሎ ብትደርስለት ይተርፍ ነበር» ብላ ፊቷን አዞረችበት። ጋሼ ይህን ሲያወራልን ከደስታው ብዛት አፉ አይገጥምም ነበር።

መነጽሩ መጀመሪያ ባዶ መስታወት ነበር። ዕድሜ ሲጫነው ዓይኑ የምር ደከመና እዚያው ፍሬም ላይ የሐኪም መስታወት አስገባበት። «መነጽሬ ቀድሞኝ አርጅቶ ጠበቀኝ» ይላል።

ልምምዱ እናታችን ሳሎን ውስጥ ነበር። እማ ሶፋው ላይ ሆና የሟች ቤተሰብ ትሆናለች፤ ታናሽ ወንድማችን ማሙሽ ምንጣፉ ላይ ተዘርግቶ ሬሳ ይሆናል። ጋሼ ከጓዳ ይወጣና መነጽሩን ያወልቃል። ገና አፉን ሳይከፍት እማ «ወየው ጉዴ! ወየው!» እያለች ደረቷን ትደቃለች። ማሙሽ ሳቁን ሲያፍን ሆዱ ይርገፈገፋል።

«ሬሳ ይተነፍሳል እንዴ?» ትለዋለች በእግሯ ጎሸም እያደረገች። ከዚያ ፀጉሯን አስተካክላ፣ «እኔስ እንዴት ነበርኩ?»

«ከሚከፈላቸው ትበልጫለሽ፣ እማ።»

«ታዲያ ምነው አያስጠሩኝም?»

ማሙሽ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ መጋዘን ውስጥ መስመር ሲዘረጋ ከመሰላል ወደቀ። ሆስፒታል የሮጠው ጋሼ ነው። ደወለልኝና «ቶሎ ነይ፣ እማን ብቻዬን አልችላትም» አለኝ። ነገር ግን መርዶውን ከጎረቤት አፍ እንዳትሰማ ፈርቶ ሳይጠብቀኝ እማ ቤት ገባ። ምናለ በጠበቀኝ!

በሩ ላይ ስደርስ እማ የታጠበ ልብስ ታጣጥፋለች፤ ጋሼ ፊቷ ቆሟል። እንባው መስታወቱን ስላደበዘዘበት መነጽሩን አወለቀ። በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። ዓይኗን ማየት አቃተውና ወለሉን አየ።

እማ ፎጣውን ወርውራ ብድግ አለች። «ወየው ጉዴ! ወየው ልጄን!» ደረቷን ትደቃለች፣ ሳቋ ያመልጣታል። «ዛሬ ደግሞ የማንን ልጅ ገደልክ?»

«ማሙሽን» አለ።

«ቱ! አንተ ሟርተኛ! በወንድምህ ነው የምትለማመደው?» አሁንም ሳቀች። ከዚያ እኔን አየች። እኔ ደግሞ ትወና አልችልም።

እማ አላለቀሰችም። ያን ዕለትም፣ ከዚያም በኋላ። ሊያጽናናት የመጣውን ሁሉ እሷ ስታጽናና ሰነበተች። «ለቅሶዬን በጨዋታ ጨረስኩት» አለችኝ አንድ ጠዋት ዕቃ እያጠብን። ጋሼን በአንዲት ቃል አልወቀሰችውም፤ እሱ ደግሞ ብትወቅሰው በወደደ። ቴሌቪዥኑ ላይ ጨርቅ ጣል አደረገችበት። እሱም የዶክተር ሥራ አልቀበልም አለ። ዘበኛ ሆነ፣ ደላላ ሆነ፣ አንዴም ራሱ ሬሳ ሆኖ ተኛ። ሥራው እየሳሳ ሄደ፤ «ምን እናድርግ፣ ፊትህ እኮ ዶክተር ነው» ይሉታል።

ከዓመታት በኋላ አንድ ድራማ ላይ ያንኑ የዶክተር ቦታ ሰጡት፤ እሺ አለ። የፈለጋት አንዲት ነገር ነበረች፦ ለእማ ሊነግራት ይገባው እንደነበረው አድርጎ ያንን መርዶ አንዴ መናገርና እሷ እንድታየው።

ዳይሬክተሩ፣ «የኔ አባት፣ ያቺን የመነጽር ነገር እንዳትረሳት። ሕዝቡ የሚጠብቃት እሷን ነው» አለው።

«ዛሬ አላወልቅም።»

አላወለቀም። ዓይን ዓይኗን እያየ ለተዋናይቷ «ልጅሽ ሞቷል» አላት። መብራት የያዘው ሰውዬ ሳይቀር አፍንጫውን ጠረገ አሉ።

«እማ፣ እሁድ እዪኝ» አላት። እማም ጨርቁን ገፈፈች። ሦስታችን ሶፋው ላይ ተደርድረን ጠበቅን። በሩ ተከፈተ። ሙዚቃ። የተዋናይቷ ፊት፣ ጩኸት። ከዚያ በኮሪደሩ የሚርቅ ነጭ ጀርባ።

«የታለህ?» አለች እማ።

«ቆርጠውኛል።»

ማስታወቂያ ገባ።

«ምን ነበር ያልከው?»

«ተይው እማ።»

«አልተውም። ያን ጊዜ ለእኔ እንዴት ልትለኝ ነበር?»

ጋሼ ዞረና እጇን ያዘ። ድምፁ የፊልሙ ድምፅ አልነበረም፤ የተሰነጠቀ፣ ቀጭን ድምፅ ነበር። «እማ፣ ማሙሽ ሞቷል። ከመሰላል ወድቆ። ስደርስ እጁ ገና ይሞቅ ነበር።»

እማ አየችው፣ አየችው። «ልጄን» አለች በዝግታ፤ ደረቷን አልደቃችም። ከዚያ ለቅሶዋ መጣ፤ ስንት ዓመት ዘግይቶ፣ አርጅታ፣ ለማልቀስ እንኳ ትንፋሽ ሲያጥራት።

እኔ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ለመቀነስ ሪሞቱን በዳበሳ ፈለግሁ። ጋሼ እጁን ወደ መነጽሩ ሰደደ፤ መንገድ ላይ አቆመውና መልሶ ጭኑ ላይ አኖረው። እንባው ከመስታወቱ ሥር ሲወርድ ሳይጠርገው ተቀመጠ።